ለደንበኞቻችን፦ ለወረርሽኝና ለመሬት መንቀጥቀጥ ስለሚደረግ የንግድ ዝግጅት

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የሒሳብ መዝገባችሁን ለምንይዝላችሁ የጅማ ነጋዴዎች፣ ቡና አቅራቢዎችና የሆቴል ባለቤቶች በሙሉ፣ ከእንግዲህ ከተለመደው አገልግሎታችን ጋር ለወረርሽኝና ለመሬት መንቀጥቀጥ የሚሆን የዝግጅት ዕቅድ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አብረናችሁ የምናዘጋጅ መሆኑን በአክብሮት እየገለጽን፣ ምክንያታችንን ከዚህ በታች እናስረዳለን።

ከተማችን ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምዕራብ በመሆኗ የመሬት መንቀጥቀጥ የሩቅ ሰዎች ጉዳይ መስሎ ቢታይ አያስደንቅም። ሆኖም በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ መሬቱ በተደጋጋሚ ሲናወጥና የካቲት 7 ቀን በሬክተር ስኬል 6.0 ሲመዘገብ፣ የተናወጠው ከጅቡቲ ወደብ ነዳጅ፣ ማዳበሪያና ሸቀጥ የሚገባበት፣ ቡናችንም የሚወጣበት መስመር ነው። የጅማ ነጋዴ ግድግዳው ሳይሰነጠቅ መደብሩ ባዶ ሊሆን፣ የሸጠውም ቡና መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከዕቃችሁ የትኛው በዚያ መስመር እንደሚመጣ፣ መስመሩ ቢዘጋ በእጃችሁ ያለው ለስንት ሳምንት እንደሚበቃና ከገዢ ጋር የምትፈርሙት ውል ከአቅም በላይ ስለሆነ መዘግየት ምን እንደሚል አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በመጋዘን በኩል የሚደረገው ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ መደርደሪያን ከግድግዳ ጋር ማሰር፣ ከባዱን ዕቃ ከታች ማድረግ፣ የጆንያ ክምር መውጫ በር አጠገብ እንዳይቆም መከልከል ይበቃል።

ወረርሽኝ በአንጻሩ ሕንፃውን ትቶ ሰውን ይነጥቃል። አያቶቻችን የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታን አይተዋል፤ እኛም መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ የሆነውን እናስታውሳለን። የመጋዘኑ ቁልፍ፣ የቼክ ፊርማውና የዱቤ መዝገቡ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ካሉ፣ ያ ሰው ሲተኛ ሥራውም አብሮ ይተኛል። ለእያንዳንዱ ኃላፊነት ተተኪ ሰይሙ፤ የባንክ ፈራሚ ለመጨመርም ሕመም እስኪመጣ አትጠብቁ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበን የሕመም ፈቃድ ጉዳይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉትን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ወራት ደግሞ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ያገኛል። በቀን ሒሳብ የሚሠሩ ቡና ለቃሚ እናቶችና እህቶች ግን ቀኑን ከቀሩ ልጆቻቸው የሚበሉት ስለሚያጡ፣ እያተኮሳቸውም ቢሆን ይመጣሉ፤ በሽታውም ጎን ለጎን ተቀምጠው በሚለቅሙት መካከል ይዛመታል። ለታመመች ለቃሚ የጥቂት ቀን ክፍያ የሚሆን ገንዘብ በበጀታችሁ እንድትይዙ አጥብቀን እንለምናለን፤ ይህን የምንለው ሕጉ ስላስገደደ ሳይሆን ትክክል ስለሆነ ነው። በሩ ላይ ውኃ እንዳይጠፋም ሮቶ ይሞላ።

የመድን ውላችሁንም እንደገና አንብቡ። የእሳት አደጋ መድን ብዙውን ጊዜ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚሸፍነው ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎ በውሉ ሲጻፍ ነው፤ ንብረት ሳይጎዳ በወረርሽኝ ምክንያት ሥራ ቢቆም ደግሞ ካሣ የሚከፍል ውል እምብዛም አይገኝም። ለዚህኛው መተማመኛው የራሳችሁ ተቀማጭ ገንዘብ ነው።

የቡና ለቀማው ወራት ሥራ ሳያጣድፋችሁ የመድን ውላችሁን፣ የአቅራቢዎቻችሁንና የሠራተኞቻችሁን ዝርዝር ይዛችሁ ወደ ቢሯችን ብትመጡ ዕቅዱን በጋራ እንጽፋለን። ለመምጣት የማይመቻችሁ ከሆነ ባለሙያችን ወደ ሥራ ቦታችሁ ይመጣል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የድርጅቱ ሥራ አመራር፣ ጅማ