ተመልሰው ስለሚመጡ ደንበኞች

በሐዋሳ በዲዛይን፣ በፎቶግራፍና በትርጉም ሥራ በግላችሁ ለምትተዳደሩ አባሎቻችን፦

አብዛኞቻችን አዲስ ደንበኛ ፍለጋ እየደከምን፣ ሥራችንን ወድዶ የተረከበንን ሰው ስልክ ቁጥር እንኳ ሳንመዘግብ እንቀራለን። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል፣ በደብተርም ይሁን በኤክሴል፣ የደንበኛውን ስም፣ በማን በኩል እንደመጣ፣ የሥራውን ዓይነት፣ ዋጋውንና የርክክቡን ቀን እንዲመዘግብ አጥብቀን እንጠይቃለን። በዓመቱ መጨረሻ ዳግም ያሠሯችሁን ቁጠሩ፤ ከ20 ደንበኞች 5ቱ ከተመለሱ ድርሻው 25 በመቶ ነው። ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የቀሩትን 15 እየደወሉ ምክንያቱን መጠየቅ ነው። እኔ ለአንድ ሆቴል የምግብ ዝርዝር ሠርቼ ካስረከብኩ በኋላ ስምንት ወር ሳልደውል በመቆየቴ፣ የምግቦቹ ዋጋ ሲቀየር ዝርዝሩን የማደሱ ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ኃላፊው ቅሬታ አልነበራቸውም፣ ቁጥሬ ብቻ ጠፍቶባቸው ነበር።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ ለእነርሱ ከግንቦት በፊት መደወል ይበጃል፤ ለሆቴሎች ደግሞ ከፍቼ ጫምባላላና ከሌሎች በዓላት አንድ ወር ቀደም ብሎ። ዋጋ መቀነስን እንደ ማባበያ አንመክርም፤ የቀድሞውን ፋይል ጠብቆ ማቆየትና በተባለው ቀን ማስረከብ ደንበኛን አጥብቆ ይይዛል። የመመዝገቢያውን ናሙና ለሚፈልግ አባል በቴሌግራም እንልካለን።