ጀበናውን የሠራችው ማን ናት? ለጅማ የባህልና ቱሪዝም ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለጅማ የባህልና ቱሪዝም ኃላፊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ጅማ ተወልጄ እዚሁ ያደግሁ፣ ልጆቼንም እዚሁ የማሳድግ ሴት ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሙዚየም ነው። ለክስ አይደለም፤ አንድ ነገር ልለምናችሁ ፈልጌ ነው።

ባለፈው ክረምት የዘጠኝ ዓመት ልጄን ይዤ አንድ ሙዚየም ገብቼ ነበር። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ጅማ ያለው ግን አይደለም። ልጄ ማንበብ ይወዳል፣ የተጻፈውን ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያነበው። አንድ የመስታወት ሳጥን ጋ ሲደርስ ቆመ። ውስጡ በርጩማ፣ ቅልና ጀበና አለ። ከሥራቸው የአንድ ብሔረሰብ ስም ተጽፎ "ባህላዊ የቤት ዕቃዎች" ይላል፣ አለቀ። ልጄ ዞር አለና "እማ፣ ይሄ የእኛ ነው የእነሱ?" አለኝ። አባቱ ኦሮሞ ነው። እኔ በእናቴ የም፣ በአባቴ ጉራጌ ነኝ። ሦስቱም ዕቃዎች ቤታችን አሉ፣ እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው የቤት ሥራውን የሚሠራው።

እውነቱን ለመናገር መልስ አጣሁ። ልጁ ጥዋት ማታ የሚያየውን ዕቃ መስታወት ውስጥ አይቶ የእኔ ነው አይደለም ብሎ ተጠራጠረ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ስገላበጥ አደርኩ።

አገር የጋራ ታሪክ ያስፈልጋታል፣ ሙዚየም ደግሞ ያንን ታሪክ ለትውልድ ማስተማር አለበት የሚሉ ሰዎች አሉ። አልቃወምም። አዲስ አበባ ፒያሳ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተከፈተውን የአድዋ መታሰቢያ ሳይ ልቤ ሞልቷል። ግን ያንን ስሜት ሕንፃው አልሰጠኝም። ልጅ ሆኜ አያቴ እሳት ዳር ስታወራ የሰማሁት ነው፣ ሕንፃው አስታወሰኝ እንጂ። እኔ የማስበው እንዲህ ነው፦ ሙዚየም ማን እንደሆንን ሊወስንልን አይችልም፣ መሞከርም የለበትም። ዕቃውን ከነሙሉ ታሪኩ ያስቀምጥልን፣ ራሳችንን እኛው እንፈልግ።

የእኛኑ የአባ ጅፋርን ታሪክ እንውሰድ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 ጀምረው ጅማን ገዙ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ያለ ጦርነት ለምኒልክ ገበሩ፣ ግብር እየላኩ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ። እሳቸው ባረፉበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1932፣ ያ ራስን ማስተዳደር አበቃ። ይህንን አንዱ "አገሩን ከእልቂት ያዳነ ብልህ ንጉሥ" ብሎ ይተርከዋል፣ ሌላው "ነፃነት የተሸረሸረበት ዘመን" ይለዋል፣ ሦስተኛው "የአንድነት ምሳሌ" ይላል። ሦስቱንም ጅማ ውስጥ፣ ያውም አንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ሙዚየም ከሦስቱ አንዱን መርጦ ግድግዳ ላይ ከለጠፈ ሁለቱን ሰዎች ከድንኳኑ አስወጣቸው ማለት ነው። የሆነውን፣ ዓመቱን፣ ግብሩ ምን እንደነበር ይጻፍልን። ክርክሩን ለእኛ ተዉልን፣ እንችልበታለን።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ። የድሮው የጅማ ገበያ፣ ሂርማታ። ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ በሂርማታ ሲያልፍ የነጋዴ ቅፍለት ከሩቅ ይመጣ እንደነበር በኩራት እንናገራለን፣ ልክ ነው፣ ጅማን ጅማ ያደረጋት ይኸው ንግድ ነው። ግን እዚያ ገበያ ላይ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከዙሪያችን ካሉ አገሮች፣ ከከፋ፣ ከዳውሮ፣ ከየም የተወሰዱ ሰዎች በዚያ ገበያ አልፈዋል። ስለዚህ ነገር እናቴ ቤት ውስጥ አንድም ቀን በግልጽ ተወርቶ አያውቅም፣ ግን "የእገሌ ዘር እኮ..." ተብሎ ድምፅ ዝቅ ሲደረግ ሰምቻለሁ። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተከልክሎም ሹክሹክታው እስከ እኔ ዘመን ደርሷል። በዚያ ገበያ የተሸጡትም፣ የሸጡትም፣ የገዙትም የልጅ ልጆች ዛሬ ጅማ ውስጥ አንድ ታክሲ እንሳፈራለን። የንጉሡን ዕቃ ስታሳዩን ይህንን ብትዘሉት የልጅ ልጆቻቸው "እኛስ የት ነበርን?" ብለው ይወጣሉ። ጮክ ብላችሁ ጻፉት፣ ማንንም አታዋርዱበትም። የሚያዋርደው ሹክሹክታው ነው።

የቡናውንም ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ቡና የተገኘው እዚሁ ጅማ ዞን ጮጬ ነው፣ የለም ከፋ ነው እየተባለ ስንት ዓመት ተከራከርን። ከፋ ውስጥ ቦንጋ ከተማ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አለ፣ እኛም የራሳችንን ትርክት ይዘናል። ጫካው ግን የዞን ወሰን ሳይኖር የበቀለ ነው። ቱሪስት ለመሳብ ከሆነ ይገባኛል፣ ለልጆቻችን ማስተማሪያ ከሆነ ግን ሁለቱም ትርክት ጎን ለጎን ይቀመጥ።

ይልቅ ከቡናው ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ፣ ይህንን ደብዳቤ የጻፍኩትም በእሱ ምክንያት ነው። ቡናችን የማንነታችን መገለጫ ነው እንላለን አይደል? እንግዳ ሲመጣ ይፈላል፣ ለቅሶ ላይ ይፈላል፣ የተጣላ ይታረቅበታል። ጀበናውን የምትሠራዋ ሴት ግን በብዙ አካባቢ፣ በእኛም ጭምር፣ ከነቤተሰቧ ትናቅ ነበር። ሸክላ ሠሪ ስለሆነች ብቻ አብሯት ለመብላት የሚጠየፍ፣ ልጁን ለልጇ የማይድር ብዙ ነበር። አንድ ጀበና ስናይ "የኢትዮጵያዊነት ምልክት" ብለን ጽፈን ይህንን ካልጻፍን ግማሹን ደብቀናል።

አያቴ የተወችልኝ ጀበና አለኝ። ሆዱ በጭስ ጠቁሮ እንደ ቆዳ ያብረቀርቃል። አንገቱ ላይ አንዴ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ የአውራ ጣት አሻራ አለ፣ ጭቃው እርጥብ ሳለ የሠራችው ሴት ይዛው የቀረ። ጣቴን ሳስቀምጥበት ልክ ይሆናል። አያቴ ሴትየዋን በስም ታውቃት ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ትመጣ እንደነበር፣ አያቴ ቤት ደጃፍ ላይ ቡና እንደሚሰጣት፣ ሲኒዋ ግን ለብቻ እንደሚቀመጥ ነግራኛለች። ይህንን ስትነግረኝ አላየችኝም፣ ማቶቱን እያስተካከለች ነበር። የሴትየዋን ስም እዚህ አልጽፍም፣ ቤተሰቦቿ በሕይወት አሉ፤ መጀመሪያ እነሱን መጠየቅ አለብኝ።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው ነው። ወደፊት ሙዚየማችን ውስጥ አዲስ ክፍል ስታዘጋጁ ከዕቃው ሥር ከብሔረሰቡ ስም በፊት ማን እንደሠራው፣ ማን እንደተጠቀመበት፣ ከየት እንደመጣ ጻፉልን፤ ካልታወቀም "አልታወቀም" ይባል። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ጻፉት፣ ከዚያም የየምን፣ የዳውሮን፣ የከፋን ሽማግሌዎችና እናቶች አስጠርታችሁ አንብቡላቸው፣ "ይሄ ልክ አይደለም" ሲሏችሁ አርሙት። ደግሞ አንድ መደርደሪያ ባዶውን ተዉልን። ነዋሪው ከቤቱ ዕቃ ያምጣ፣ ታሪኩን በራሱ አፍ ይናገር፣ ለስድስት ወር ይቀመጥና ለሌላ ሰው ይልቀቅ።

የመጀመሪያውን ዕቃ እኔ አመጣለሁ። የሸክላ ሠሪዋ ቤተሰቦች ከፈቀዱልኝ ስሟ ከላይ ይጻፍ፣ የሲኒው ነገርም አይቅር። በዚህ ከተስማማን ቀን ቁረጡልኝ፣ ጀበናውን በነጠላ ጠቅልዬ ልጄን ይዤ እመጣለሁ፤ ጽሁፉንም እሱ ጮክ ብሎ ያነብላችኋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የጅማ እናት