ሞተር በተገጠመለት ሳይክል ተሳቢ ለምትጎትቱ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ተሳቢ ሊያስገጥም የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀን «ስንት ኪሎ ይጎትታል?» ብሎ ነው። እኛ ደግሞ ፍሬኑን ሳናይ አንመልስም። በዚህ ቅር የተሰኛችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ምክንያታችንን እንንገራችሁ።

ሜዳ ላይ መጎተት ቀላል ነው። ተሳቢው አንዴ ከተነሳ ትንሽ ሞተርም ይዞት ይሄዳል። ጭንቁ ማቆሙ ላይ ነው። አብዛኛው የሳይክል ተሳቢ የራሱ ፍሬን የለውም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ30 ኪሎ ሳይክል 60 ኪሎ ቢጎትት፣ 100 ኪሎ ያቆም የነበረው ፍሬን አሁን 160 ኪሎ ማቆም አለበት። ፍጥነት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ ሰው 30 ሲገባ፣ ፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ጉልበት እጥፍ ብቻ አይደለም፤ አራት እጥፍ ነው። ቁልቁለት ላይ ገና ከአናቱ ቀስ ብላችሁ ጀምሩ። ኩርባ ላይ በድንገት ፍሬን ከያዛችሁ ተሳቢው ከኋላ ይገፋና ሳይክሉን ያጥፈዋል። ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ሳይደርስ፣ መንገዱ ቀጥ ባለበት ነው።

ዳገትን በተመለከተ፣ ያው 160 ኪሎ 8 በመቶ ዳገት (በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ የሚል) በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ከ500 ዋት በላይ ይፈልጋል። 250 ዋት ሞተር ብቻውን አይችለውም። በተለይ ጎማው ውስጥ ያለ ሞተር እየተንፏቀቀ ሲወጣ ኃይሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፣ ሲቆይም ይቃጠላል። ፔዳል እየመታችሁ አግዙት። እምቢ ካለ ወርዳችሁ ግፉ።

አጫጫን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከባዱ ዕቃ ከተሳቢው ጎማዎች ትንሽ ወደ ፊት ይሁን። ከጭነቱ ከ5 እስከ 10 በመቶው ማያያዣው ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው። ወደ ኋላ ካመዘነ ተሳቢው ግራ ቀኝ ይዋልላል፤ የሳይክሉ የኋላ ጎማም ቀሎ መንገድ መያዝ ያቅተዋል። ማያያዣው ቢከፈት ተሳቢው ተለይቶ እንዳይቀር መጠባበቂያ ማሰሪያም አይርሳችሁ። ይህ ትንሽ ነገር ነው፣ ግን ከኋላ የሚመጣ እግረኛን ያተርፋል።

ከእንግዲህ የፍሬኑ ሸራ ያለቀበት ሳይክል ላይ፣ ሸራው ሳይቀየር ማያያዣ አንገጥምም። ሥራችሁ በዚህ ሊዘገይ ይችላል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ስትመጡም ተሳቢውን ባዶውን አታምጡት። ዘወትር የምትጭኑትን ያህል ጭናችሁ ኑ፤ አብረን እንሞክረዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ሠራተኞች