አንድ ቀን የጎደለው ዓመት

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የቤዝቦል ኮከብ ክለቡን ሲለቅ ደጋፊው «ገንዘብ ወዳድ» ይለዋል። ፍርዱ ያሳዝነኛል። ነገሩ የሚበላሸው ብዙ ቀደም ብሎ፣ በባለቤቶቹ ጠረጴዛ ላይ ነው።

በሜጀር ሊግ፣ ማለትም በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ፣ ተጫዋች ከፈለገው ክለብ ጋር ለመዋዋል 6 የአገልግሎት ዓመት መሙላት አለበት። «ዓመት» የሚባለው 172 ቀን ነው። የውድድር ዘመኑ ግን 187 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ ወጣቱን ሁለት ሳምንት ያህል በታችኛው ሊግ ያቆየ ክለብ ሌላ አንድ ዓመት ሙሉ በእጁ ያስቀረዋል። ቺካጎ ካብስ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣቱን ተጫዋች ክሪስ ብራያንትን ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ጠራው፤ ዓመቱን በ171 ቀን ጨረሰ። አንድ ቀን! አቤት ቢልም በ2020 ተፈረደበት። ክለቡ ዓመቱን ቢያተርፍም፣ እንዲህ የተቆጠረበት ልጅ ቆይቶ በዋጋ ይራራል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

የሚያዋጣው ቀድሞ መክፈል ነው። አትላንታ ብሬቭስ በ2019 ሮናልድ አኩኛን ገና በ21 ዓመቱ ለ8 ዓመት በ100 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። የእኛው ዋሽንግተን ናሽናልስ ግን ዘገየ። በ2022 ለኮከቡ ሁዋን ሶቶ የ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ሲያቀርብ፣ ድምሩ ቢያስደነግጥም በዓመት ሲካፈል 29 ሚሊዮን ግድም ነበር። ሶቶ እምቢ አለ፤ ለሳንዲዬጎ ፓድሬስ በልውውጥ ተሰጠ። በታኅሣሥ 2024 ኒውዮርክ ሜትስ ለ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ሰጠው።

በዚያ ልውውጥ የመጣው ጄምስ ዉድ በ2024 ለናሽናልስ መጫወት ጀምሯል። የእሱም ቀን እየተቆጠረ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የናሽናልስ ደጋፊ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ