መዝገብ ላይ «ውሻ» ተብላ የተጻፈችው ድመቴ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ወር አንድ ማለዳ ሞንታርቦ የጫነ ባጃጅ በሰፈራችን ሲዞር ነበር። «ውሻ ያላችሁ ነዋሪዎች፣ ውሾቻችሁን አስራችሁ ይዛችሁ ውጡ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በነፃ ይሰጣል» ይላል። ቡና እየቆላሁ ነበር። ውሻ የለኝም። ውሮ ግን ምድጃው አጠገብ ተጠቅልላ ተኝታለች። ይቺስ? አልኩ።

ውሮ አራት ዓመቷ ነው። ሥራዋ የታወቀ ነው፤ ጤፍና ሽምብራ ያለበትን ጓዳ ትጠብቃለች። ቀን ቀን ከምድጃ አትርቅም። ሲመሽ በጣሪያ ወጥታ የት እንደምታድር እግዜር ይወቅ። ካቻምና አንድ ጠዋት አንገቷ ሥር ተነክሳ ገባች። ውሻ ይሁን ሌላ ድመት ማን አየ? ቁስሉ እንደዳነ ተመልሳ ጣሪያዋ ላይ ወጣች። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ አይደል የሚባለው።

ቡናውን ትቼ ውሮን ዘንቢል ውስጥ ከተትኳት። አፉን በነጠላ አሰርኩና ባጃጅ ተሳፈርኩ። ሹፌሩ ዘንቢሉ ሲነቃነቅ አይቶ «እማማ፣ ዶሮ ነው?» አለኝ። ድመት ናት፣ ለማስከተብ ነው አልኩት። ሳቁ እስከምንደርስ አላባራም።

እዚያ ስደርስ ሰልፉ ሁሉ ውሻ ነው። እኔና ዘንቢሌ ዳር ያዝን። ተራዬ ሲደርስ መዝገብ የያዘው ልጅ ቀና ብሎ አየኝና «እማማ፣ ይሄ እኮ የውሻ ነው» አለ። የድመቱስ የት ነው? ስለው መዝገቡን አዙሮ አሳየኝ። ወንድ ውሻ፣ ሴት ውሻ፣ ቀለም፣ የባለቤት ስም። ድመት የሚባል ዓምድ የለም። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የተሰጠው ወረቀት እሱ ነው።

ደግነቱ ጠና ያሉ ሐኪም ሰሙን። ከበረዶ ሳጥኑ ብልቃጡን አውጥተው ጽሑፉን አነበቡ። «ለውሻም ለድመትም ይላል። መጠኑም ያው 1 ሚሊ ሊትር ነው። አምጫት እትዬ» አሉኝ። ውሮን በነጠላው እንደ ሕፃን ጠቀለልናት፤ ጭንቅላቷ ብቻ ቀረ። ከጀርባዋ ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው አነሱና ወጓት። ሽልብ እንዳደረጋት ዝም አለች። ልክ ስንፈታት ግን ጠረጴዛው ሥር ገብታ ለማውጣት ሦስት ሰው ፈጀች። ልጁም ሌላ አማራጭ ሲያጣ መዝገቡ ላይ «ሴት ውሻ፣ ቀለም ግራጫ» ብሎ ጻፋት።

አሁን ይህን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም። የውሻ ዘመቻው ይቅር የሚልም የለም። በዓለም ላይ ሰው ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው የሚመጣው በውሻ ነው፤ ውሻ ይቅደም። ግን ድመት ለምን ጭራሽ አትጠራም?

ቡና ላይ ይህን ሳነሳ «ድመት ደግሞ መች ታብዳለች?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ስሙ ነው ያሳሳተን። የእብድ ውሻ በሽታ ስለተባለ የውሻ ብቻ መሰለን። ቫይረሱ ድመትም፣ ላምም፣ አህያም፣ ቀበሮም ይይዛል። ድመት የሚይዛት ብዙ ጊዜ የታመመ ውሻ ወይም የዱር አውሬ ሲነክሳት ነው። ጎንደር ደግሞ ሌሊት ምን እንደሚዞርባት የምናውቀው እኛ ነን። የሰፈር ውሻው መንጋ ሆኖ ያድራል፣ ጅቡም ከዳር ይገባል። የኛ ድመት ደግሞ ሳሎን ውስጥ ተዘግታ የምትኖር የፈረንጅ ድመት አይደለችም።

የታመመች ድመት ጠባይዋ ይለወጣል። ሰው የምትወደው አልጋ ሥር ትደበቃለች፤ የምትሸሸው ሰው ላይ ትወረወራለች። ድምጿ ይቀየራል፣ ለሀጯ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅታታል። ምልክቱ ሳይታይ ጥቂት ቀን ቀድሞም በምራቋ ማስተላለፍ ትችላለች። ውሻ ሲነክስ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፤ ልጁን አፍሰው ሐኪም ቤት ይሮጣሉ። የድመት ክራንቻ ግን ቀጭን ነው። ቆዳው ላይ ሁለት ነጠብጣብ ትቶ ይሄዳል፤ ልጁም ይረሳዋል፣ እናቱም አታይ። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ከድመት ጋር ተቃቅፎ የሚያድረው ማን ሆነና? ልጅ ነው።

ድመት ከነከሰች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ ነው። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ቆማችሁ ስታጥቡ ታዩታላችሁ። ቡና መነስነስ የለም። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ እኔም እሄዳለሁ፤ መርፌውን ግን ተወግቶ ይሂድ። በሽታው አንዴ ምልክት ካሳየ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ድመቷንም ወዲያው በዱላ አትግደሏት። ዘግታችሁ 10 ቀን ጠብቋት። ከ10 ቀን በኋላ ደህና ከሆነች፣ በነከሰችበት ጊዜ ምራቋ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው።

ክትባቱ ቀላል ነው። ግልገሏ ሦስት ወር ሲሞላት አንድ ጊዜ ትወጋለች፣ በዓመቱ ይደገማል። ከዚያ በኋላ እንደ ክትባቱ ዓይነት በየዓመቱ ወይም በየሦስት ዓመቱ ነው። ሥራ ለመጀመር ሦስት አራት ሳምንት ይፈልጋል። ስትሄዱ ብልቃጡ ላይ «ለድመት» የሚል መኖሩን ጠይቁ፤ ለውሻ ብቻ የተሠራም አለና። ውሮ በማግስቱ ስትተኛ ዋለች፣ ምሳዋንም ናቀች። በሦስተኛው ቀን ግን የጎረቤት ሥጋ ሰርቃ መጣች፣ ያውም በጾም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከውሮ በፊት የነበረችው ድመቴ አራት ግልገል ወልዳ ነበር። ሁለት ወር ሲሆናቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ አለቁ። ያስመልሳቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋል፣ ውኃው ላይ አቀርቅረው ግን አይጠጡም። ጎረቤቴ የአይጥ መርዝ አበላችብኝ ብዬ ደመደምኩ። ዓመት ሙሉ ቡና አልተጠራራንም። ያን ቀን ለእኚያ ሐኪም ሳወራላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ የድመት ፓርቮ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ይመስላል፤ ሰው ሁሉ መርዝ ነው ይላል» አሉኝ። ሰው ላይ አይመጣም። ግልገል ግን ይጨርሳል። ቫይረሱ ቤት ውስጥ እስከ ዓመት ሊቆይ ስለሚችል፣ ወለሉ በበረኪና ካልታጠበ ቀጥላ የምትመጣውን ግልገል ይጠብቃታል። እሱም ክትባት አለው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ በየሦስት አራት ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ይደጋገማል። ይህን ክትባት ከተማ ውስጥ ሁለት ቦታ ጠይቄ «አልገባም» ተብያለሁ። ጎረቤቴ ዘንድ ግን በዚያው ቀን ማታ ግማሽ ኪሎ ቡና ይዤ ሄድኩ። ሳቀችብኝ።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ሞንታርቦው «ውሻና ድመት ያላችሁ» ይበል። መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ይሰመር። ለድመት የተለየ ሰዓት ቢሰጥ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ሃያ ውሻ በሚጮህበት ግቢ ዘንቢል ይዞ መቆም ምን እንደሆነ እኔ ልንገራችሁ። ከተማችን የእንስሳት ሐኪም የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አላት። ተማሪዎቹ በዓመት አንድ ቅዳሜ የድመት ቀን ቢያደርጉ እጃቸውም ይፈታ ነበር። ቀን ከተፈለገ መስከረም 18 አለ። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው፣ የመስቀል ማግስት። ሰው ሁሉ ቤቱ ነው፤ ድመቶቹም ክትፎ ሸቷቸው ከቤት አይርቁም።

የውሮ ካርድ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ከልደት ካርዴ ጋር ተቀምጧል። ቀጠሮዋ የዛሬ ዓመት ነው። እስከዚያ ዓምዱ ከተሰመረ እሰየው። ካልተሰመረም ዘንቢሌን ይዤ እመጣለሁ፤ ውሻ ብላችሁ ጻፏት፣ እሷ ቅር አይላትም።

ጡረተኛ መምህርት፣ ከአራዳ ሰፈር፣ ጎንደር