ጉዳዩ፦ ለስሌት ኖዶች የተጠየቀው የሊኑክስ ደንበኝነት ዋጋ በውሉ መሠረት እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ቀን፦ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጎንደር

ለድርጅታችሁ የሽያጭ መምሪያ
አዲስ አበባ

ጎንደር ለሚገኘው የምርምር ክላስተራችን (በኔትወርክ ተያይዘው በጋራ ለሚያሰሉ ኮምፒውተሮቻችን) የሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ዓመታዊ ደንበኝነት ከድርጅታችሁ ለመግዛት ውል መግባታችን ይታወሳል። በላካችሁልን ፕሮፎርማ ላይ አንድ ዋና ኖድ (ክላስተሩን የሚመራው ማሽን) ሙሉ ድጋፍ ባለው ዋጋ፣ 16 የስሌት ኖዶች ደግሞ ለከፍተኛ አቅም ስሌት በተለየው ዝቅተኛ ዋጋ ተዘርዝረዋል። የግዥ ኮሚቴው ያጸደቀውም ሆነ እኛ የፈረምነው ይህንኑ ነው። አሁን የደረሰን የክፍያ መጠየቂያ ግን 17ቱንም ማሽኖች ራሳቸውን የቻሉ ሰርቨሮች አድርጎ በአንድ ዋጋ ደምሯቸዋል።

የሽያጭ ሠራተኛችሁ በስልክ የሰጡን መልስ «ሰርቨር ያው ሰርቨር ነው» የሚል ነበር። ያው አይደለም። የካላዛር ጥገኛ ተሕዋስያንን የዘረመል መረጃ የሚተነትኑ ተመራማሪዎቻችን የሚገቡት በዋናው ኖድ በኩል ብቻ ነው። ሥራቸውን ስለርም የተባለው የሥራ አከፋፋይ ፕሮግራም ተቀብሎ ወረፋ ያስይዛል፤ ነፃ ለሆነው የስሌት ኖድም ያከፋፍላል። የስሌት ኖዱ ድረ ገጽ አያስተናግድም፣ የመረጃ ቋት አይይዝም፣ የታዘዘውን አስልቶ ውጤቱን ይመልሳል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አንዱ አልነሳ ካለ ከወረፋው አውጥተን ሊኑክሱን ከዋናው ኖድ በኔትወርክ እንደ አዲስ እንጭንበታለን፤ የቀሩት ሥራቸውን አያቋርጡም። ለዚህ ብሎ አዲስ አበባ የሚደውል ሰው የለንም፣ አይኖረንምም። አምራቹ ሬድ ሃት ለዋና ኖድና ለስሌት ኖድ የተለያየ ደንበኝነት ያዘጋጀው በዚሁ ምክንያት ነው። አሁን የጠየቃችሁን ማንም የማይደውልበትን ስልክ 16 ጊዜ እንድንከራይ ነው።

ክላስተሩ ቀድሞ የሚሠራው ሴንት ኦኤስ 7 በተባለው ነፃ የሊኑክስ ዓይነት ነበር፤ የእሱ የደኅንነት ማሻሻያ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ተቋርጧል። ከሬድ ሃት ሊኑክስ ጋር የሚጣጣሙት ሮኪ ሊኑክስና አልማ ሊኑክስ በነፃ እንደሚገኙም እናውቃለን፤ ወጣት ባለሙያዎቻችን ይህን ከማንሳት ቦዝነው አያውቁም። ገንዘብ ከፍለን ወደ እናንተ የመጣነው ዋናው ኖድ ቢበላሽ ኃላፊነት የሚወስድ አካል እንዲኖር ፈልገን ነው። ለዚያ ለአንዱ ሙሉውን ዋጋ ስንከፍል ቅር አላለንም።

በደብዳቤያችሁ ጭማሪውን «የምንዛሪ ማስተካከያ» ብላችሁታል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንደሚወሰን አናጣውም፤ በክፍያው ዕለት ተመን እንደምንከፍልም በውሉ ተስማምተናል። ሆኖም የምንዛሪ ለውጥ ዋናውን ኖድም የስሌት ኖዶቹንም በእኩል መጠን ያስወድዳል እንጂ የአንዱን ዋጋ ከሌላው ጋር አያመሳስልም። የተለወጠው የዕቃው ዓይነት ነው፤ እሱንም ሳትነግሩን ነው የለወጣችሁት።

የቴክኒክ ባለሙያችሁ እያንዳንዱ የስሌት ኖድ በቀጥታ ከኢንተርኔት ጋር ይገናኝ ማለታቸውንም አልተቀበልንም። ኖዶቹ ሆን ተብሎ በውስጥ ኔትወርክ የታጠሩ ናቸው፤ ማሻሻያውን ዋናው ኖድ ላይ ካለው ማከማቻ ይወስዳሉ።

ስለዚህ የክፍያ መጠየቂያው ተሰርዞ በፕሮፎርማው ላይ በተጠቀሱት የደንበኝነት ዓይነቶች መሠረት ሌላ እንዲላክልን፣ ይህ እስኪሆን ድረስም የዋናው ኖድ ድጋፍ እንዳይቋረጥ እንጠይቃለን። የዋናውን ኖድ ክፍያ ብቻ ለይታችሁ ብትልኩልን ሳንዘገይ እንፈጽማለን። እስከ ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም. የጽሑፍ መልስ ካልደረሰን የስሌት ኖዶቹን ከግዥው አውጥተን ወደ አልማ ሊኑክስ እናዛውራለን፤ የመጫኛው ፋይል ተዘጋጅቷል።

ከሰላምታ ጋር
የክላስተሩ አስተዳዳሪ

ግልባጭ፦
ለግዥና ንብረት አስተዳደር ክፍል
ለሕግ አገልግሎት