ዓመቱን ሙሉ ከካኩትሳ ጋር፦ የታሪክ ክበብ ዘገባ

የታሪክ ክበባችን እስካሁን ድረስ በዓላትን እየተከተለ በየሳምንቱ የአንድ ጀግና የሕይወት ታሪክ በሰልፍ ላይ ሲያነብ ኖሯል። ዘንድሮ አባላቱ ይህን ልማድ አንፈልግም አሉ። ፀሐይ ላይ ቆሞ የልደት ዘመን የሚሰማ ማንም የለም፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰው ላይ ለመቆየት ተስማማን። ያ ሰውም ካይኾስሮ ቾሎካሽቪሊ የተባለ ጆርጂያዊ ባላባት ሆነ፤ ወገኖቹ በቁልምጫ ካኩትሳ ይሉታል።

ምርጫው የመጣው በገንዘብ በኩል ነው። አንድ የዘጠነኛ ክፍል አባላችን የዓለም አገሮችን የገንዘብ ኖት ሥዕል ይሰበስባል። የጆርጂያን 200 ላሪ ይዞ መጣ፤ በአንድ ገጹ ካኩትሳ፣ በሌላው የሱኹሚ ከተማ አለ። ሱኹሚ ከጆርጂያ የተገነጠለው የአብኻዚያ ግዛት ዋና ከተማ ስትሆን ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዋና ከተማው በትቢሊሲ ከተቀመጠው የጆርጂያ መንግሥት ቁጥጥር ውጭ ናት። «በእጃቸው የሌለውን ከተማ ለምን ገንዘብ ላይ ያትማሉ?» የሚለው ጥያቄ ስብሰባውን አጦፈው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ዕጩ ያቀረበ አልነበረም።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በካርታና በዘመን ቆጠራ አለቀ። ልጆቹ በጥቁር ባሕርና በካስፒያን ባሕር መካከል ያለውን የካውካሰስ ተራራ በጀሶ ሠሩት። ጀሶው ሲደርቅ ወገቡ ላይ ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁን ሰማያዊ ቀብተው ወንዝ አደረጉት። የወንዙን ስም ብጠይቅ የነገረኝ የለም። ከካርታው በላይ የዘመን መስመር በሁለት ረድፍ ሰቀልን። ጆርጂያ ነፃነቷን ያወጀችው ግንቦት 18 ቀን 1910 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያኑ 1918 ማለት ነው። የቦልሼቪክ ሩሲያ ሠራዊት የሆነው ቀይ ጦር ትቢሊሲ የገባው ደግሞ የካቲት 18 ቀን 1913 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መሆናቸውን ሲያዩ ነገሩ ከሩቅ አገር ተረትነት ወጣላቸው።

ትልቁ ጠብ የተነሣው በመሬት ነው። ካኩትሳ በ1888 እ.ኤ.አ. በካኸቲ አውራጃ ማታኒ በተባለ መንደር ከመኳንንት ቤት ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሩሲያው ዛር ፈረሰኛ መኮንን ሆኖ ተዋግቷል። ማለትም ምሥራቅ ጆርጂያን በ1801 እ.ኤ.አ. የጠቀለለውን መንግሥት ያገለገለ ሰው ነው። በኋላ የቆመለት ሪፐብሊክ ደግሞ በሶሻል ዴሞክራቶች የሚመራ፣ የባላባቶችን ሰፋፊ መሬት እየወረሰ ለገበሬ የሚያከፋፍል ነበር። «መሬቱን ለወሰደበት መንግሥት ብሎ ጫካ ይገባል እንዴ?» አለ አንዱ። አንዲት ተማሪ ቀበል አድርጋ «ከራሱ መንግሥት ጋር ተሟግቶ ያስመልስ ይሆናል፤ አገሩ ከተያዘ በኋላ ግን የት ሄዶ ይሟገታል?» ብላ መለሰች። እኔ ዳኛ መሆኔን ረስቼ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም።

ከ1921 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ቀይ ጦር ከገባ በኋላ ያለውን በፍጥነት ነው ያለፍነው። ካኩትሳ ወደ ተራራ ወጣ፤ በ1922 እ.ኤ.አ. ከሰሜን ምሥራቅ ጆርጂያ ከኸቭሱረቲ ደገኞች ጋር ሆኖ አመፀ፤ ሲሸነፍ ወደ ቼቺንያ ተሻገረ፤ ተመልሶም «የተማማሉት» በሚባለው ጭፍራው ውጊያውን ቀጠለ። ሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት በሙሉ የበላው ግን የነሐሴ 1916 ዓ.ም. (በአውሮፓውያኑ 1924) አመፅ ነው። ቀድሞ እርስ በርሳቸው ሲናከሱ የኖሩ ፓርቲዎች በምስጢር የነፃነት ኮሚቴ አቋቁመው ነበር። አስቀድሞ ግን ከመሪዎቹ አንዱ ቫሊኮ ጁጌሊ በቼካ፣ ማለትም በቦልሼቪኮች የጸጥታ ፖሊስ እጅ ወደቀ። እስር ቤት ውስጥ ዕቅዱ ሁሉ እንደታወቀ ተረዳና ጓዶቹ አመፁን እንዲተዉት መልእክት ላከ። እነርሱ ግን የጠላት ወጥመድ መሰላቸው። አመፁ በማንጋኒዝ ማዕድን ከተማዋ በቺያቱራ ነሐሴ 22 ቀን፣ ከተቀጠረለት ቀን አንድ ቀን ቀድሞ ፈነዳ። በማግስቱ ካኩትሳ በማንግሊሲ የነበረውን የቀይ ጦር ሰፈር ቢያጠቃም ሊይዘው አልቻለም።

የክርክራችን ርእስ «መልእክቱ ከደረሰ በኋላ አመፁ መቀጠል ነበረበት ወይስ አልነበረበትም?» የሚል ነበር። ዳኞቹ ለ«አልነበረበትም» ቡድን ፈረዱ። በቀጣዩ ሰኞ ሚኒ ሚዲያችን ውጤቱን ሲያሰማ ግማሹ ተማሪ አጉረመረመ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ክርክር ከተሸነፈው ወገን የመጣው ነው፦ «እኛ የምንፈርደው መጨረሻውን አንብበን ነው፤ እነርሱ ያላቸው አንድ ቁራጭ መልእክት ብቻ ነው።»

አመፁ ከተደመሰሰ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ። በወቅቱ በሞስኮም በካውካሰስም የበላይ ከነበሩት የቦልሼቪክ መሪዎች መካከል ስታሊንና ሰርጎ ኦርጆኒኪድዘ ጆርጂያውያን ናቸው። በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ከሥዕላቸው ሥር «ባንዳ» ብሎ የጻፈ አባል አለ። አላስጠፋሁበትም፤ ግን ምክንያቱን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጎኑ ላይ እንዲጽፍ አዘዝኩት። ሁለቱን ወዲያው ጻፈ፤ ሦስተኛው ሳምንት ፈጀበት።

ለወላጆች ቀን የካኩትሳ ጭፍራ የተማማለበትን የመሐላ ትዕይንት በአጭር ድራማ አቀረብን። የካውካሰስ ሰዎች የሚለብሱት ረጅም ካፖርት በደረቱ ላይ የጥይት ማስቀመጫ ተደርድሮበታል። ልጆቹ ከአሮጌ ጥቁር ጋዋን ሰፍተው ጥይቱን በእስክሪብቶ ክዳን ተኩት፤ ለዚህ ሲባል በግቢው ውስጥ ክዳን ያለው እስክሪብቶ ጠፍቶ ነበር። ተዋናዮቹ ሲምሉ አንድ አባት ከመቀመጫቸው ተነሥተው ፎከሩ፤ ልጆቹም ሳይደናገጡ ጠበቋቸው። መጨረሻውን ግን በተራኪ ነው ያስነበብነው። ካኩትሳ ወደ ቱርክ፣ ከዚያም ወደ ፈረንሳይ ተሰድዶ በ1930 እ.ኤ.አ. በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ ዕድሜው 41 ነበር። ዋና ተዋናያችን አልጋ ላይ ተኝቼ አልሞትም ብሎ አሻፈረኝ አለ። አፅሙ በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ ትቢሊሲ ተመልሶ በምታጽሚንዳ የታላላቅ ሰዎች መካነ መቃብር ማረፉንም ተራኪው ነው የተናገረው።

ለሚቀጥለው ዓመት ሥራ አላጣንም። አባላቱ ጆርጂያን ሲያስሱ ዶክተር ሜራብን አገኙ። ይህ ጆርጂያዊ ሐኪም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የኖረ ሲሆን በ1910 እ.ኤ.አ. የከፈተውን መድኃኒት ቤት በአገሩ በጆርጂያ ስም ጠርቶታል፤ ስለ ኢትዮጵያም በፈረንሳይኛ ሦስት ቅጽ ጽፏል። የሚመጣው ዓመት የእርሱ ነው። ምዝገባ በመስከረም ይጀመራል፤ ከሁሉ አስቀድመን የምንፈልገው ፈረንሳይኛ ማንበብ የሚችል አባል ነው፤ ወላጅም ቢሆን እንቀበላለን።